ለቫዮሊን አምስተኛ ክር መጨመርና ባለ ማርሽ መቃኛ መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቫዮሊን ላይ ክር ስለ መጨመርና የእንጨት መቃኛዎችን በባለ ማርሽ ስለ መተካት የሚነሡ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ አምስተኛ ክር የፈለገ ሰው አምስተኛ መቃኛም እንደሚያስፈልገው ወዲያው ስለሚገነዘብ ነው። የሁለቱ ሥራዎች ክብደት ግን እጅግ ይለያያል። መቃኛ መለወጥ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቅና የመሣሪያውን ድምፅ እምብዛም የማይነካ ሥራ ሲሆን፣ ክር መጨመር ከአንገቱ ጫፍ እስከ ሆዱ ውስጥ ማገር ድረስ ያለውን ሚዛን ሁሉ ያናጋል። ስለዚህ አንባቢው ሁለቱን ለየብቻ እንዲመዝናቸው እመክራለሁ።

አምስተኛው ክር የሚጨመረው በወፍራሙ ድምፅ በኩል ነው ወይስ በቀጭኑ?

ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ በወፍራሙ በኩል ነው። የተለመደው ቫዮሊን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል፤ የሶል ክር በሴኮንድ 196 ጊዜ፣ የላ ክር 440 ጊዜ፣ የሚ ክር ደግሞ 659 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አምስተኛው ክር ከሶል በታች ያለው ዶ ሲሆን ንዝረቱ 131 ሄርዝ ገደማ ነው (ሄርዝ ማለት በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው)፤ ይህም ከቫዮሊን ተለቅ ያለው ዘመዱ፣ የቫዮላ፣ ወፍራሙ ክር የሚቃኝበት ድምፅ ነው። በመሆኑም ባለ አምስት ክሩ መሣሪያ የቫዮሊንንና የቫዮላን የድምፅ ስፋት በአንድ አንገት ላይ ይይዛል። በብሉግራስ ሙዚቃ ቦቢ ሂክስ፣ በጃዝ ደግሞ ዣን ሉክ ፖንቲ በባለ አምስት ክር መሣሪያ ከሚታወቁት ተጫዋቾች መካከል ናቸው።

ከሚ በላይ 988 ሄርዝ የሚደርስ የሲ ክር መጨመር የሚሹም አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ፤ ሐሳቡ ግን በሙሉ መጠን ቫዮሊን ላይ አይሠራም። በ325 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ የተወጠረ የብረት ክር ወደዚያ ከፍታ እንዲደርስ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የክሩ ውፍረት ላይ ከ3,200 ኒውተን የሚበልጥ ጫና ማረፍ አለበት፤ ይህን ደግሞ ተራው የሙዚቃ መሣሪያ ሽቦ አይችለውም። ክሩን ማቅጠን ያዋጣል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን ክሩ በቀጠነ ቁጥር የሚያስፈልገው ውጥረትና የራሱ ጥንካሬ እኩል ስለሚቀንሱ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም የሚበጠሱት እዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ያለኝን ባለ አራት ክር ቫዮሊን ወደ ባለ አምስት ክር መለወጥ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ዋናው ችግር የቦታ ጥበት ነው። በሙሉ መጠን ቫዮሊን የአንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ የዞጲ እንጨት 24 ሚሊሜትር ያህል ትሰፋለች፤ በላይዋ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው ያለው ርቀትም 16.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አራት ክሮች ሲያርፉባት በየሁለቱ መካከል 5.5 ሚሊሜትር ይተርፋል። አምስተኛ ክር እዚያው ላይ ከተሸጎጠ ግን ክፍተቱ ወደ 4.1 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በዚህ ጥበት ላይ አንዱን ክር የሚጫን ጣት ጎረቤቱን ሳይነካ ማረፍ ይከብደዋል፣ የተጨመረው ዶ ራሱ ከሁሉም ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ለዚህም ነው ገና ከመነሻቸው ለአምስት ክር ተብለው የሚሠሩ አንገቶች ጫፋቸው ላይ ወደ 28 ሚሊሜትር እንዲሰፉ የሚደረገውና በክሮቹ መካከል 5 ሚሊሜትር ያህል የሚተወው።

በርኩማው ላይም ተመሳሳይ ሒሳብ አለ። ክሮቹን ተሸክሞ ንዝረታቸውን ወደ ሆዱ የሚያደርሰው ይህ ቀጭን እንጨት አራት ክር ሲይዝ በመካከላቸው 11 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል፤ ለአምስት ክር ሲቀረጽ ግን ክፍተቱ ወደ 9.4 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፣ ጠቅላላው ስፋት ደግሞ ከ33 ወደ 37 ወይም 38 ሚሊሜትር ያድጋል። ተጫዋቹ ለውጡን ይበልጥ የሚያውቀው በደጋን እጁ ነው። በ42 ሚሊሜትር ራዲየስ የተቀረጸ በርኩማ ላይ ደጋኑ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ለመሸጋገር 15 ዲግሪ ያህል ይዘነበል ነበር፤ አሁን ማዘንበል የሚችለው 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀጥለውን ክር ይነካል። በሌላ በኩል ከዶ እስከ ሚ ያለው ጠቅላላ ቅስት ከ45 ወደ 51 ዲግሪ ስለሚሰፋ፣ ደጋኑ በዳርቻዎቹ ክሮች ላይ ሲያርፍ ወደ መሣሪያው ወገብ ጠርዝ ይበልጥ ይጠጋል። ወገቡ ሰፊ በሆነ ቫዮሊን ላይ ይህ የቀለሙን ጠርዝ እስከ መላጥ ሊደርስ ይችላል። በርኩማውን ከፍ ማድረግ ወይም ቅስቱን ማለስለስ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ክሮቹን ለጣት ያርቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ክር በአንድ ጊዜ የመንካትን ስሕተት ያበዛል።

የሚቀረው የመቃኛው ሳጥን ነው። የቫዮሊን ሳጥን የተቀረጸው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት መቃኛ እንዲይዝና ክሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይተሻሹ እንዲያልፉ ታስቦ ነው። አምስተኛው ሲጨመር በአንዱ ጎን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ይሆናሉ፤ አዲሱ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሳው በአንገቱ መጨረሻ ላይ ተጠቅልሎ በተቀረጸው ጥቅልል አጠገብ ባለው ጠባብ ጫፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለጣት መግቢያ የሚሆን ቦታ እምብዛም የለም። ቀዳዳው በነባሮቹ መካከል ከተበሳ ደግሞ አዲሱ ክር በሌላው መቃኛ ዘንግ ላይ እየተሻሸ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ክር ሲቃኝ ተንቋቅቶ ይዘልላል እንጂ ለስልሶ አይንሸራተትም። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ይህን ሁሉ አስበው አንገቱን ከነራሱ ቆርጠው ረዘም ያለ ሳጥንና ሰፋ ያለ ጫፍ ባለው አዲስ አንገት ይተኩታል። ሥራው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወጪው ከራሱ ከመሣሪያው ዋጋ በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ ርካሽ የፋብሪካ ቫዮሊን ይዘው መሞከር ለሚፈልጉ ሰዎች ለውጡ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በአምስት ክር በቁም ነገር መጫወት ለሚፈልጉ ግን ከመነሻው ለአምስት ክር የተሠራ መሣሪያ መያዝ ይሻላል። ጥሩ ድምፅ ያለውን ባለ አራት ክር ቫዮሊን መለወጥ ደግሞ በምንም ምክንያት አልመክርም።

ከተለወጠ በኋላ ዶው ለምን ደክሞ ይሰማል?

የቫዮሊን ሆድ ለዶ ስላልተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ቫዮሊን ሆድ ውስጥ ያለው አየር በሁለቱ ክፍት ቀዳዳዎች በኩል እየገባና እየወጣ የሚርገበገብበት የራሱ ድምፅ አለው፤ ይህም በሙሉ መጠን ቫዮሊን 270 ወይም 280 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል፣ ከባዶው የሬ ክር ጥቂት ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ከዚህ ድምፅ በታች መሣሪያው አየርን የመግፋት አቅሙ በፍጥነት ይወድቃል። የሶል ክር ራሱ በ196 ሄርዝ ከዚህ ወሰን በታች ይገኛል፤ ሆኖም ጆሯችን ሶልን በሙላት የሚሰማው በመሠረታዊው ንዝረት ሳይሆን በላዩ ላይ በሚደረቡት 392፣ 588 እና ከዚያም በላይ ባሉት ተከታይ ንዝረቶች አማካይነት ነው። ዶው ደግሞ ከአየሩ ድምፅ ከአንድ ኦክቴቭ (ንዝረቱ በግማሽ ከሚያንስበት ርቀት) በላይ ዝቅ ይላል፤ መሠረታዊው 131 ይቅርና ሁለተኛው ንዝረት 262 እንኳ ከወሰኑ ሥር ይወድቃል። ከዚህ የተነሣ ድምፁ ጨለም ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስልና ከሌሎቹ ክሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ይሆናል።

ቫዮላ ሆዱ ትልቅና የአየሩ ድምፅ ዝቅ ያለ በመሆኑ ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ያም ሆኖ ቫዮላም ቢሆን ለሚቃኝበት ድምፅ ትንሽ ነው፤ የታወቀው ጭጋጋማ ድምፁ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ባለ አምስት ክር ቫዮሊን የሚሠሩ ባለሙያዎች ሆዱን በጥቂት ሚሊሜትር ያሰፉታል፣ የጎን ግድግዳውን ከፍ ያደርጉታል፣ የሆዱን እንጨት በወፍራሙ ክር በኩል ያቀጥኑታል። በተዘጋጀ ቫዮሊን ላይ እነዚህን ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው በሆዱ ውስጥ የቆመውን የድምፅ ምሰሶ በአንድ ሚሊሜትር ክፍልፋይ ማንቀሳቀስ፣ በርኩማውን ቀለል አድርጎ መቅረጽና ጥሩ የዶ ክር መምረጥ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው የክሩ ምርጫ ነው።

ድምፁ በማይክሮፎን ማንሻ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የጎደለው መሠረታዊ ንዝረት በማስተካከያው ሊጨመር ይችላልና። በኤሌክትሪክ ቫዮሊን ላይ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ክሮች እንዲህ የተለመዱት ከዚሁ የተነሣ ነው።

የቫዮላ የዶ ክር ገዝቼ ብገጥምስ?

ይገባል፤ ነገር ግን ይላላል። የክር ውጥረት፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ ከርዝመቱ ካሬ ጋር አብሮ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በቫዮላ ላይ 370 ሚሊሜትር እንዲወጠር ታስቦ የተሠራ ክር በቫዮሊን 325 ሚሊሜትር ላይ ሲገባ ውጥረቱ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል፤ ደጋኑ ሲያርፍበት ያመነታል፣ ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ብሎ ይዛባል፣ ባዶውን ሲመቱትም በጣት ሰሌዳው ላይ ይንጣጣል። በተጨማሪም በክሩ ጫፎች ላይ የተጠመጠመው ለስላሳ የሐር ክር የት እንደሚጀምር ማየት ያስፈልጋል፤ ክሩ ለረዥም መሣሪያ ስለተሠራ ሐሩ በርኩማው ላይ ሊያርፍ ይችላልና።

በቫዮሊን ርዝመት የሚሠራ የዶ ክር አለ፤ ለምሳሌ ዳዳሪዮ የተባለው አምራች ሄሊኮር በተባለው የክር ዓይነቱ ውስጥ ያመርተዋል። ዶው ከሶል ጋር ተመሳሳይ ውጥረት እንዲኖረው ከተፈለገ በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ያለው ክብደቱ የሶልን 2.25 እጥፍ መሆን አለበት፤ በሒሳብ ሲታይ ሶሉ በሜትር 2.7 ግራም ከሆነ ዶው ወደ 6 ግራም ይጠጋል ማለት ነው። ክሩ ሳይወፍር ይህን ክብደት እንዲይዝ አምራቾች እንደ ተንግስተን ያሉ ከባድ ብረቶችን ይጠመጥሙበታል። ያም ሆኖ ዶው ከጎረቤቶቹ ወፍራም ስለሚሆን፣ በጫፉ ማረፊያና በበርኩማው ላይ ያለው ቦዩ በልኩ መሞረድ ይኖርበታል።

ተጨማሪው ውጥረት ቫዮሊኑን ይሰብረዋል?

በጤነኛ መሣሪያ ላይ ወዲያው አይሰብርም፤ ጭነቱ ግን ቀላል አይደለም። የአራቱ ክሮች ጠቅላላ ውጥረት 23 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ዶው 4.5 ኪሎ ያህል ይጨምርበታል። ክሮቹ በበርኩማው ላይ 158 ዲግሪ ያህል ታጥፈው ስለሚያልፉ፣ ከዚህ ውጥረት ከሦስተኛው የሚበልጠው በቀጥታ ሆዱን ወደ ታች ይጫናል፤ ይህም ከ9 ኪሎ ትንሽ ካነሰ መጠን ወደ 10.5 ኪሎ ያድጋል ማለት ነው። የሆዱ ፊት ከስፕሩስ እንጨት የተሠራና 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ገበታ እንደ ሆነ ሲታሰብ፣ ጭማሪው በቸልታ የሚታይ አይደለም።

የተጨመረው ጭነት የሚያርፈው በወፍራሙ ክር በኩል ባለው የበርኩማ እግር ላይ ነው፤ ከዚያ እግር ሥር ደግሞ በሆዱ ውስጥ ረዥሙ ማገር አለ። በርካሽ መሣሪያዎች ላይ ይህ ማገር አንዳንድ ጊዜ ከሆዱ እንጨት ተለይቶ ሳይለጠፍ እዚያው ስለሚቀረጽ ደካማ ይሆናል። አንገቱ ከሆዱ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ሙጫው የለቀቀ፣ አሮጌ ስንጥቅ ያለበት ወይም በርኩማው አካባቢ ሆዱ የሰመጠ ቫዮሊን ላይ ዶ መጨመር ተገቢ አይደለም። አነስ ያለ ውጥረት ያላቸውን ክሮች በአምስቱም ላይ መርጦ ጠቅላላውን ወደ ነበረበት ማስጠጋት ይቻላል፤ ጥንቃቄ የተሞላው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ይልቅ ቫዮላ ላይ የሚ ክር መጨመር አይሻልም?

ዶውን ለሚወዱ ሰዎች ይሻላል። ሆዱ ለዶ ይስማማል፣ አንገቱም ሰፋ ይላል። ችግሩ ወደ ሚው ይሸሻል፦ ክሩ ከ325 ወደ 370 ሚሊሜትር ሲረዝም በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ30 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ሚው ወደ መበጠሻው ይጠጋል፣ ድምፁም ይሳሳል። ትንንሽ ቫዮላዎች ላይ፣ ማለትም የክራቸው ርዝመት ወደ 350 ሚሊሜትር በሆኑት ላይ፣ ነገሩ በመጠኑ ይቀላል። ተራው የቫዮሊን ሚ ክር ለዚህ ሊያጥር ስለሚችል ረዘም ተደርጎ የተሠራ መፈለግ ያስፈልጋል።

ባለ ማርሽ መቃኛ ምንድን ነው? ከእንጨቱ በምን ይለያል?

የእንጨቱ መቃኛ ሾጣጣ ዘንግ ነው፤ በየ30 ሚሊሜትሩ ርዝመት በ1 ሚሊሜትር እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሾጣጣ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ በሰበቃ ብቻ ይያዛል። ሲገፉት ይጠብቃል፣ ሲስቡት ይላላል። እንጨት በቁመቱ ብዙም ሳይለወጥ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ የሚሰፋና ሲደርቅ የሚጠብ በመሆኑ፣ ክብ የነበረው ዘንግና ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ ሞላላ ይሆናሉ። በደረቅ ወራት መቃኛው ሳይታሰብ ተፈትቶ ክሮቹ ሁሉ የሚላሉት፣ በእርጥብ ወራት ደግሞ ድርቅ ብሎ አልዞር የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ባለ ማርሽ መቃኛ ከውጭ ሲታይ ይህንኑ የእንጨት መቃኛ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው በዘንጉ ውስጥ ነው፦ ተጫዋቹ የሚይዘው ራስ አንዲትን መካከለኛ ጥርሳም ጎማ ያዞራል፣ በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች ደግሞ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩ እየዞሩ ክሩ የተጠመጠመበትን ክፍል በዝግታ ይነዱታል። የሳጥኑን ግድግዳ የሚነካው ክፍል ፈጽሞ አይዞርም፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ እንጨቱ ቢያብጥም ቢደርቅም ቅኝቱን የሚይዘው በውስጡ ያለው ማርሽ ነው። በገበያ ላይ ከሚታወቁት መካከል የጀርመኑ ቪትነር ፋይንቱን የተባለው ራሱ 8.5 ጊዜ ሲዞር ክሩን አንድ ዙር ብቻ ይጠመጥማል፤ ፐርፌክሽን የሚባለው ዓይነት ደግሞ አራት ለአንድ ነው።

ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማል? የማጥሪያ ብሎኖች አይበቁኝም?

ይህን በቁጥር ማየት ይቀላል። ከጠጣር ብረት የተሠራው ሚ ክር በጣም ጥቂት ነው የሚለጠጠው፤ ድምፁን በግማሽ ቃና (በሁለት ተከታታይ ድምፆች መካከል ባለው ትንሹ ርቀት) ለመለወጥ ከ0.4 ሚሊሜትር ባነሰ መጠን መሳብ ብቻ ይበቃዋል። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የእንጨት መቃኛ ላይ ይህ 5 ወይም 6 ዲግሪ ያህል መዞር ማለት ነው። የግማሽ ቃናን አንድ ሃያኛ ለማስተካከል የሚሞክር እጅ እንግዲህ ከአንድ ሦስተኛ ዲግሪ ባነሰ መጠን መንቀሳቀስ ይጠበቅበታል፤ ያውም ዘንጉ ተጣብቆ በድንገት በሚለቅበት ሁኔታ ላይ ነው። ይኸው ግማሽ ቃና በአራት ለአንድ ማርሽ ላይ 22፣ በ8.5 ለአንድ ላይ ደግሞ 46 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ይህን ማንኛውም እጅ ያለ ጭንቀት ያደርገዋል።

የማጥሪያ ብሎኖች፣ ማለትም ክሮቹ በታች በኩል በሚታሰሩበት እንጨት ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ብሎኖች፣ ይህንኑ ችግር በርካሽ ይፈታሉ። ለአንድ የብረት ሚ ክር አንድ ብሎን መግጠም ምንም ጉዳት የለውም። አምስት ብሎን ሲደረደር ግን በዚያ እንጨት ላይ ክብደት ይጨመራል፤ ከበርኩማው በታች ያለው የክሩ ክፍልም፣ ከላይኛው ርዝመት አንድ ስድስተኛ ወይም 55 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን የሚፈለገው ማለት ነው፣ ያጥራል። ሁለቱም ድምፁን ያፍኑታል። ብሎኖቹ አብረውት የተሠሩ ቀላል ማሰሪያ ከተገኘ ይህ ጉዳት ይቀንሳል። ባለ ማርሽ መቃኛ የገጠመ ሰው ግን ብሎኖቹን ሁሉ አውልቆ መጣል ይችላል፤ ብዙዎች መሣሪያቸው «ተከፈተ» የሚሉት ከዚህ በኋላ ነው፣ ምስጋናውን ግን ለመቃኛው ይሰጣሉ።

በመሠረቱ ክሮቹ ከብረት ይልቅ በሰው ሠራሽ ጅማት ላይ የተጠመጠሙ ከሆነ፣ የእንጨት መቃኛዎቹም በልካቸው የተሞረዱ ከሆነ፣ ማርሽ የግድ አያስፈልግም።

የጊታር መቃኛ ብገጥምበትስ?

አይመከርም። ይሠራል፤ አንዳንዶችም ገጥመውታል። የዚህ ዓይነት መቃኛ አንዱ ብቻ 30 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ የዞጲ መቃኛ ግን 5 ግራም ገደማ ነው። ሙሉው ቫዮሊን ከ400 እስከ 450 ግራም የሚመዝን ሆኖ ሳለ በአንገቱ ጫፍ ላይ 150 ግራም መስቀል አገጭና ትከሻ ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የሳጥኑ ግድግዳ ለብሎኖቹ ሲበሳሳ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም። ትልቁ ኮንትራባስ እንዲህ ያለ መቃኛ የሚይዘው ክሮቹ እጅግ ከባድ በመሆናቸውና መሣሪያው መሬት ላይ ስለሚቆም ነው።

ባለ ማርሽ መቃኛን ራሴ መግጠም እችላለሁ?

እጁ ከእንጨት ሥራ ጋር የተዋወቀ ሰው በጥንቃቄ ሊሠራው ይችላል። በመጀመሪያ የነባሮቹን መቃኛዎች ውፍረት ከሳጥኑ ግድግዳ ውጭ በሚገቡበት ቦታ ላይ በካሊፐር መለካት ያስፈልጋል፤ መቃኛዎቹ በተለያየ ውፍረት ይሸጣሉ፣ ትክክለኛው ምርጫም ቀዳዳውን በትንሹ ብቻ ማስፋት የሚጠይቀው ነው። ማስፊያው 1 ለ30 የሚሾጥጥ የቫዮሊን ሠሪዎች መሣሪያ መሆን ይኖርበታል፤ ተራ መሰርሰሪያ ቀዳዳውን ሾጣጣ ሳያደርግ ያሰፋዋል፣ ግድግዳውንም ሊሰነጥቀው ይችላል። ማስፊያውን ሁለት ሦስት ዙር አዙሮ መቃኛውን እየለኩ መሄድ እንጂ በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግም፣ የተወሰደ እንጨት አይመለስምና።

ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውለቅ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ውጥረቱ ሲጠፋ በርኩማው ይወድቃል፣ በሆዱና በጀርባው መካከል ያለ ሙጫ የቆመው የድምፅ ምሰሶም ሊወድቅ ይችላል፤ እርሱን መልሶ ለማቆም ልዩ መሣሪያና ልምድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን መቃኛ ጨርሰው፣ ክሩን መልሰው ወጥረው፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ነው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች በግድግዳው ውስጥ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት ሙጫ ይያዛሉ፤ የግራና የቀኝ ጎን መቃኛዎች የሚለያዩባቸውም ስላሉ፣ ለአምስት ክር ሲገዛ በየትኛው ጎን ሦስት እንደሚሆኑ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። ቀዳዳው ከልክ በላይ ሰፍቶ የቆየ አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ግን በአዲስ እንጨት ተሞልቶ እንደገና ስለሚበሳ፣ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከተገጠመ በኋላ አጠቃቀሙ ይለያል?

ከሁሉ በፊት መግፋት ይቁም። የእንጨት መቃኛን ለዓመታት ያዞረ እጅ ሲያጠብቅ ወደ ውስጥ የመግፋት ልማድ አለው፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳላውቀው ስገፋ ራሴን እይዝ ነበር። በባለ ማርሹ ላይ መግፋት ምንም አይጠቅምም፣ ግድግዳውን ግን ያስጨንቀዋል። ለእንጨት መቃኛ የሚቀባው ቅባትም ሆነ ጠመኔ እዚህ አያስፈልግም። ክር መለወጥ ጊዜ ይወስዳል፤ በ8.5 ለአንዱ ላይ ክሩን አራት ዙር ለመጠምጠም ራሱን 34 ጊዜ ማዞር ስለሚያስፈልግ፣ ርካሽ የሆነ የማዞሪያ እጀታ መያዝ ድካሙን ይቀንሳል።

በአዲሱ ክር ምትክ የሚያስተጋቡ ክሮች መጨመር አይቻልም?

ይህ ከአምስተኛ ክር ፍጹም የተለየ ነገር ነው። የሚያስተጋቡት ክሮች በደጋን አይነኩም፤ ከጣት ሰሌዳው ሥርና በበርኩማው መካከል አልፈው ከላይኞቹ ጋር በመስማማት ራሳቸው ይርገበገባሉ። የኖርዌይ ሃርዳንገር ፊድል ከአራቱ ክሮቹ ሥር አራት ወይም አምስት እንዲህ ያሉ ክሮች አሉት፤ ከሚታወቁት ጥንታዊው በ1651 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ ነው። ቪዮላ ዳሞሬ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት ይይዛል። ክሮቹ ቀጭን በመሆናቸው የሚጨምሩት ጭነት ብዙ አይደለም፤ የሚጠይቁት ግን ረዥም ሳጥን፣ ከሥሩ የተቦረቦረ የጣት ሰሌዳና የተለየ በርኩማ ነው። በተራ ቫዮሊን ላይ ለመሞከር ከአምስተኛው ክር እጅግ የባሰ ነው።

ደጋኔን መለወጥ አለብኝ?

የግድ አይደለም። የቫዮሊን ደጋን 60 ግራም ያህል፣ የቫዮላው 70 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዶው ከበድ ባለው ደጋን በቀላሉ ይነሣል፣ ሚው ግን በቀላሉ ይቧጨራል። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የቫዮሊን ደጋናቸውን ይዘው ለዶው ዝግ ያለ እጅና ወደ በርኩማው ጥቂት ቀረብ ያለ አያያዝ ይለምዳሉ።

ለውጡ የመሣሪያውን ዋጋ ይቀንሳል?

በደንብ የተገጠመ ባለ ማርሽ መቃኛ ዋጋውን እምብዛም አይነካም፤ ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገ ወፍራም የእንጨት መቃኛ በዚያው ቀዳዳ ሊገባ ይችላል፣ ካልሆነም ቀዳዳው ተሞልቶ እንደገና ይበሳል። የወለቁትን የእንጨት መቃኛዎች በከረጢት አድርጎ ከመሣሪያው ጋር ማስቀመጥ ተገቢ ነው። አምስተኛ ቀዳዳ የተበሳ ራስ ግን ከዚያ በኋላ ባለ አራት ክር ተብሎ ቢሸጥም ጠባሳው ይታያል፤ አንገቱ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ የቀድሞውን አንገት ከነጥቅልሉ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ ገዢ የመሣሪያውን ሠሪ ለመለየት ከሚያያቸው ክፍሎች አንዱ ጥቅልሉ ነውና።